ለቅሶዬን ሦስተኛ ላወጡልኝ ሰብሳቢ

ለተከበሩ የዓመቱ አስቂኝ ቪዲዮዎች መራጭ ኮሚቴ ሰብሳቢ፤
ባሉበት፤

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቤተሰብዎ፣ ስልክዎ፣ ተከታዮችዎ ሁሉ ደኅና ናቸውን? እኔ የዘመሮዋ ደብሪቱ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ብቻ ስለሆነ ይህችን ደብዳቤ ለመጻፍ አራት ቀን ፈጅቶብኛልና መዘግየቴን ይቅር ይበሉኝ።

ለዘመን መለወጫ ያቀረቡትን «የዓመቱ ምርጥ አሥር» የጎረቤቴ ልጅ ሳሌም በስልኳ አሳየችኝ። አንደኛ የወጣው ሚስቱን «እናትሽ ሞተች» ብሎ አስደንግጦ የሳቀው ባል ነው፤ ይገባዋል። ሁለተኛው ለአንዲት አሮጊት ዳቦ የሰጠው ደግ ሰው ነው፤ ካሜራው ስላልያዘለት ዳቦውን ከእጇ ተቀብሎ እንደገና ሰጣት። ሦስተኛዋ እኔ ነኝ። ከእንዲህ ያሉ ሰዎች ጎን ስላስቀመጡኝ አመሰግናለሁ። ጥቂት ቅሬታ ግን አለኝ።

፩ኛ. «በልጇ ቀብር የጨፈረችው እናት» ብለው ጽፈዋል። አልጨፈርኩም። በእኛ አገር የሟች ዕቃ ተይዞ፣ ደረት እየተደቃ፣ እየተዘለለ ይለቀሳል። የያዝኩት ነጭ ልብስ ልጄ መቅደላዊት ስታስተምር የምትለብሰው ጋዋን ነው። ኪሱ ውስጥ ጠመኔ አለ፤ እስካሁን አላወጣሁትም።

፪ኛ. ድምፄን አጥፍተው የሠርግ ዘፈን ጨምረውበታል። ስሟን ስጠራ አፌ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ሙያዎን አደንቃለሁ፤ ከበሮው ከዝላዬ ጋር በደንብ ገጥሟል።

፫ኛ. ገበያ ገብስ ይዤ ብወርድ አንዱ ጎረምሳ «እማማ ሦስተኛ፣ እስቲ አንዴ ዝለሉልን!» አለኝ። አብረውት ከሳቁት ሁለቱ የልጄ ተማሪዎች ነበሩ።

፬ኛ. ይህኛው የራሴ ጥፋት ነው። ባለፈው ጥር ልጄ የተሳፈረችበት መኪና ተገልብጦ በቀበርናት ዕለት እርስዎ ራስዎ መጥተው ነበር፤ በሳሌም ስልክ ፊትዎን ሳይ ለየሁዎት። እኛ ለቅሶ የደረሰን ሰው የማን ዘመድ ነህ ብለን አንጠይቅም። ስልክዎን አንሥተው ሲቀርጹን መምጣት ላልቻለ የሩቅ ዘመድ የሚልኩልን መስሎኝ፣ ጋዋኑ በደንብ እንዲታይ ወደ እርስዎ ዞሬ ከፍ አደረግሁት። ኋላም ድንኳን አስገብተን ንፍሮ አቀረብንልዎት፤ ሁለቴ ዘገኑ።

ሙት ዓመቷ ሳይደርስ ቪዲዮውን እንዲያጠፉልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ተመልካች የሚቀንስብዎት ከሆነ ደግሞ ዘፈኑን አንሥተው ድምፄን ብቻ ይመልሱልኝ፤ ማንን እንደምጠራ ይስሙና ከዚያ ይሳቁ።

ለሰጡኝ ደረጃ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ የመጪው ዓመት ሳቅዎ ከራስዎ ቤት ለቅሶ እንዳይገኝ እየጸለይኩ፣
አክባሪዎ፣
ደብሪቱ፣ የመምህርት መቅደላዊት እናት

ማስታወሻ፦ ለሙት ዓመቷ ቢመጡ ጠበል ጠዲቁ አይነፈግዎትም። ከእርስዎ ወዲህ ግን ዕድራችን ልማዱን ለውጧል፤ ዳኛው አቶ አባይነህ በሩ ላይ ቆመው የመጣውን ሁሉ የማን ዘመድ እንደሆነ ይጠይቃሉ። መልስዎን ከወዲሁ ያስቡበት።