በቀትር ስለሚዘጋው መጋረጃችንና ሳይሞት ስለተለቀሰለት አባቴ

ለተከበሩ የሰፈራችን ቅሬ (ዕድር) ዳኛ፣ ለጋሽ አለሙ
ኮቦ

ጋሽ አለሙ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ጉልበትዎስ፣ ወገብዎስ? በተለይ ደግሞ ከመንገድ ማዶ ሆኖ የሰው ሞት የሚለየው ዓይንዎ በረታልዎት ወይ? እኛ ቤት ሁሉም ደህና ነው፤ ሞተ የተባለው አባቴም ሰላም ብሎዎታል።

ደብዳቤውን ወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ የለጠፍኩት እርስዎን ለማሳጣት ሳይሆን የቅሬው ማስታወቂያ ሁሉ እዚያ ስለሚለጠፍ ነው። የታሂር ልጅ ኢልሀም ነኝ። ገና የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ስለሆንኩ በሽማግሌ ፊት መናገር አይፈቀድልኝም፤ መጻፍ ግን እስካሁን አልተከለከለም።

1ኛ. ምስጋናዬ ከመጋረጃው ምርጫ ይጀምራል። አባቴ ዓይኑ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ሲመለስ ሐኪሙ ጠንካራ ብርሃን እንዳያገኘው አጥብቆ ማዘዙን ያውቃሉ። የኮቦ ፀሐይ ደግሞ የሐኪም ወረቀት አታነብም። ገመዱን በዳበሳ እየፈለገ መጋረጃ መሳብ ስላቃተው፣ አዲስ አበባ ሕንፃ ላይ መብራት የሚዘረጋው ወንድሜ አብዱሰመድ ፀሐይዋ ስትበረታ በራሱ የሚወርድ፣ በሞተር የሚሠራ መጋረጃ ላምጣ አለ። ቤታችን በዚሁ «ስማርት» ሊባል ነበር። አባቴ ግን ሽማግሌ ሳያማክር ምስማር የማይመታ ሰው ስለሆነ ናሙናዎቹን እናንተ ፊት ዘረጋ። ወንድሜ የፈለገው ብርሃን የሚያሳልፈውን ስስ ነጭ ነበር፤ እርስዎ ጨርቁን ወደ ፀሐይ አንስተው፣ በጣትዎ አሽተው፣ አላፊ አግዳሚ ገመናችንን እንዳያይ ብለው ወፍራሙን ቡናማ መረጡልን። በእውነትም ምንም አይታይበትም።

2ኛ. መጋረጃው በተሰቀለ ማግስት፣ በገበያ ቀን ቀትር ላይ፣ መስኮቶቻችን በሙሉ በአንዴ ሲዘጉ በመንገድ ሲያልፉ አዩ። በሰፈራችን ቀን ሙሉ ክፍት የሚውል መስኮት ድንገት ከተዘጋ ሐዘን ገብቷል ማለት ስለሆነ፣ በር ማንኳኳት ለሐዘንተኛ ክብር አይመጥንም ብለው በቀጥታ ጥሩምባ አስነፉ። የድንኳኑን አተካከል ፍጥነት ሳላደንቅ አላልፍም፤ የጎረቤታችን የካሳ እናት ያረፉ ጊዜ እስከ ማታ ምሰሶ ሲፈለግ ነበር።

አባቴ ውስጥ ተኝቶ ነበር። በለቅሶው ነቃ። የቅሬ አባል ነውና ከለቅሶ መቅረት አይሆንለትም፤ ጥቁር መነጽሩን አጥልቆ ወጣና ድንኳኑ ዳር፣ ከገበያ በመጡ አንድ የጎብዬ ሰው አጠገብ ተቀመጠ። ሁላችሁም አንገታችሁን ደፍታችሁ ስለነበር ያየው የለም። ማን እንደሞተ ሰውዬውን ጠየቃቸው፤ ታሂር የሚባል ሰው ነው አሉት። አላህ ይዘንለት አለ። ከዚያ ጥቂት አሰበና፣

«የትኛው ታሂር?» አለ።

3ኛ. ይቅርታ ትጠይቁናላችሁ ብዬ ፈርቼ ነበር፤ የሽማግሌ ይቅርታ መቀበል ለእኔ ዕድሜ ይከብዳል። ደግነቱ አላሳፈራችሁኝም። ተሰብስባችሁ ጥፋቱ የመጋረጃው ነው አላችሁ፤ ቀን ቀን መስኮታችን ክፍት ካልዋለ ከቅሬው እንደምንሰረዝም ወሰናችሁ። አባቴ ከዚያ ወዲህ እህል በቅጡ አይበላም። ቀባሪ ከማጣ ዓይኔ ቢጠፋ ይሻለኛል እያለ አብዱሰመድን መጋረጃውን ንቀለው ይለዋል። እኔ የምለምነው ይህንን ብቻ ነው፦ ዓይኑ እስኪድን መስኮታችን ይዘጋ፣ እኛም ከቅሬው አንውጣ። ሰው ከሞተብን ራሳችን መጥተን እንነግራችኋለን።

የሞተውን ብቻ ሳይሆን ያልሞተውንም ለመቅበር በማይሰንፈው ቅሬያችን የምትኮራ፣ ጉልበትዎን የምትስም ታናሽዎ፣

ኢልሀም ታሂር
(የሟች ልጅ)
ግንቦት 2009 ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ ትናንት ቀትር ላይ መስኮቱ መከፈቱን ላጣራ ብለው መጥተው፣ ከውጭው ሐሩር ይልቅ የቤቱ ጨለማና ቅዝቃዜ ተስማምቶዎት፣ አባቴ አጠገብ ፍራሹ ላይ ጋደም እንዳሉ እንቅልፍ ወሰደዎት። መስኮቱ ሁሉ ዝግ ነበር፤ እርስዎም አልተንቀሳቀሱም። እኛ ግን ጥሩምባ ከማስነፋታችን በፊት ጠጋ ብለን ትንፋሽዎን አዳመጥን፤ ይህን አሠራር ቅሬው ቢለምደው መልካም ነው። ሲነሱም ክፈቱ ሳይሉ፣ ዛሬም በዚሁ ሰዓት ብቅ እንደሚሉ ነግረውን ስለሄዱ መጋረጃውን አልነቀልነውም።