ወርቅነሽ ተብለው የኖሩት የሉላ ደገፋ የሕይወት ታሪክ

ወ/ሮ ሉላ ደገፋ ከአባታቸው ከአቶ ደገፋ ጎንፋና ከእናታቸው ከወ/ሮ ብዙነሽ ወርዶፋ ጥቅምት 12 ቀን 1943 ዓ.ም. አቃቂ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ተወለዱ። አብዛኞቻችሁ እማማ ወርቅነሽ ስለምትሏቸው የሌላ ሰው ታሪክ የሚነበብ ሊመስላችሁ ይችላል። የእሳቸው ነው፤ ታገሱኝ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ እዚያው አቃቂ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። በ1959 ዓ.ም. በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈትል ክፍል ተቀጠሩ። ፋብሪካው የሠራተኞች የሙዚቃ ቡድን ነበረውና ሉላ ከፈረቃ ሲወጡ እዚያ ይዘፍኑ ነበር። ድምፃቸው የሚጮህ አልነበረም፤ ለአንድ ሰው በጆሮው የሚነገር ነበር የሚመስለው። በ1962 ዓ.ም. በሁለት ሸክላ አራት ለስላሳ የፍቅር ዘፈኖች አስቀረጹ። ዘፈኖቹ እስከ ሳሪስ ባሉ ሻይ ቤቶች ሲከፈቱ እኔ ታናሽ እህታቸው ደረቴን ነፍቼ እሄድ ነበር።

በ1964 ዓ.ም. ከባቡር መካኒኩ ከአቶ ታደሰ ጋር ጋብቻ መሠረቱ። በቅልቅሉ ቀን አማታቸው እንደ ወጉ ስም አወጡላቸው፤ ወርቅነሽ ተባሉ። አማትየው ስሙን ሲሰጡ በእንግዳ ፊት «ለልጄ ሚስት እንጂ አዝማሪ አላመጣሁም» አሉ። አቶ ታደሰም ዝም አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሉላ አልዘፈኑም። ፋብሪካ መሥራታቸውን ግን ማንም አልከለከላቸውም። ደመወዛቸው ነውር አልነበረበትም፤ ነውሩ ድምፃቸው ላይ ብቻ ነበር። ሦስት ልጆች አሳድገው፣ ለብቻችን ስንሆን ከምጠራቸው ከእኔ በቀር ሉላ የሚላቸው ሳይኖር፣ በጡረታ ወጡ።

በ2011 ዓ.ም. የድሮ ሙዚቃ በሸክላ እንደገና የሚያሳትሙ ሰዎች ሉላ ደገፋን ፍለጋ አቃቂ መጡ። የእድራችንን ዳኛ ቢጠይቁ እንዲህ የምትባል አባል የለችንም አሏቸው። ቀጥለው የበኩር ልጃቸውን አብርሃምን ሱቁ ውስጥ አገኙት። አብርሃም የእናት ስም በተጠየቀበት ሁሉ ወርቅነሽ ሲል ያደገ ነውና «በዚህ ሰፈር ሉላ የምትባል ዘፋኝ ኖራ አታውቅም» ብሎ በቅንነት ሸኛቸው። እናቱ ከሱቁ ጀርባ ምስር ይለቅሙ ነበር። በዓመቱ ሸክላው ታተመ፤ ሽፋኑ ላይ ከወጣትነት ፎቷቸው ሥር ዘፋኟ በሕይወት እንደሌሉ ተጽፏል።

የልጅ ልጃቸው ዮዲት ይህን በስልኳ አግኝታ፣ በፎቶው አያቷን ለይታ አሳየቻቸው፤ ዘፈኖቹንም ከፈተችላቸው። አራቱንም ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙና «ታዲያ ማን አልቅሶልኝ ነው የሞትኩት?» አሉ። ከዚያ ወዲያ የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በሕይወት አለች ተብሎ እንዲጻፍላቸው። ዮዲት ለአሳታሚዎቹ ብትጽፍ በሚቀጥለው እትም እናርማለን አሏት። ወሬው ሲሰማ ያኔ አዝማሪ ያሉ ዘመዶች አብረዋቸው ፎቶ ሊነሱ ተጋፉ። እነሱም ቢሆኑ ሉላ ብለው አልጠሯቸውም። እስቲ ዝፈኑልን ሲሏቸው ደግሞ ትንፋሽ አልነበራቸውም፤ የጥጡ ብናኝ ሳንባቸውን ጨርሶት ነበር።

በዚሁ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ75 ዓመታቸው ዐረፉ። የታረመው ሸክላ የወጣው በዚሁ ሳምንት ነው፤ «ወ/ሮ ሉላ በሕይወት አሉ፣ አቃቂ ይኖራሉ» ይላል። እያሉ ሞቱ ተባሉ፤ ሲሞቱ አሉ ተባሉ። የሞተ ተጎዳ ይባላል፤ እህቴ ግን በቁማቸውም ተጎድተዋል።

ባለቤታቸው ቀድመዋቸዋል። ሦስት ልጆችና ሰባት የልጅ ልጆች ትተዋል።

ዛሬ ማለዳ የእድሩ ለፋፊ ወርቅነሽ ብሎ ሞታቸውን ተናግሯል። ካህናቱም በክርስትና ስማቸው በወለተ ሥላሴ ይጸልዩላቸዋል፤ አምላካቸው በዚያ ያውቃቸዋልና ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን። እናንተ ግን አፈር ስታለብሷቸው አባታችን ባወጡላቸው ስም ሸኙልኝ። ነፍስ ይማር ስትሉ ሉላ በሉ፤ አንድ ጊዜ እንኳ ይስሙት።

ታናሽ እህታቸው ድንቄ ደገፋ