ፕሮፌሰርነቱ ይቅርብኝ

ለተከበሩ ታላቅ ወንድሜ ለአያ ረዳኢ ሃብተማርያም፤ አዲስ አበባ።

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ነው? ያ የወገብ ሕመም ችሎት ላይ ያስቀምጥዎታል ወይ? እትዬ አየለችስ? ልጆቹስ? እኔና እናታችን ከብርዱ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን።

ይህን በአማርኛ የጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። በትግርኛ ብጽፈው የሚመችዎን ብቻ ተርጉመው ለቤተሰቡ ይነግራሉ፤ አውቅዎታለሁ። እትዬ አየለች ሁሉንም ይስሙና ይፍረዱን።

እዚያ ያገኙልኝን የማስተማር ቦታ አልወስደውም። ስለ እኔ ደጅ እንደጠኑ አውቃለሁ፤ ውለታዎም አይጠፋኝም። ግን የአገር ቤቱን የልማድ ሕግ ማጥናት ተወውና ሙሉ ፕሮፌሰር ሁን ማለት ምን ማለት ነው? ባሕር ተሻግሬ ሶሲዮሎጂ የተማርኩት፣ ተመልሼም እዚህ የማስተምረው አንድ ነገር ቢከነክነኝ ነው፤ ሰው ያለ ፖሊስ ከጎረቤቱ ጋር እንዴት ተስማምቶ ይኖራል? እዚህ አስመራ የማይ ተመናይ ሰፈር ነጋዴዎች ሲጣሉ ፍርድ ቤቱን በመኪና አልፈው ሽማግሌ ዘንድ ለምን ይሄዳሉ? እርስዎ ይህ ሁሉ በአዲሱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ተሽሯል ይላሉ። የበላዮቼም የተሻረ ነገር ለሚያጠና ሰው ማዕረግ የለንም አሉኝ። አይስጡኝ! የተሻረ ከሆነ ለምን ፈሩት?

ባለፈው እሑድ ከቤት ጊዮርጊስ ማዶ፣ እናታችን ወዳሉበት መንደራችን ሄጄ ነበር። የድልድሉ ዘመን ደርሶ የእርሻው መሬት እንደ አዲስ በዕጣ ሊከፋፈል ነው። እንደ ተመራማሪ ራቅ ብዬ ተቀመጥኩና ብዕሬን አወጣሁ። የሽማግሌዎቹ አለቃ አቦይ አስገዶም ተቆጡኝ። አንተ እንግዳ ነህ ወይ፣ ናና በአባትህ ቦታ ተቀመጥ አሉኝ። ብዕሬን ከትቼ ተቀመጥኩ። ደስታዬን ምን ልበልዎ!

የእርስዎ ስም ሲነሣ ግን አንዳንዶች፣ ዳኛው ከወጣ ቆየ፣ ሕጋችሁ ተሽሯል ብሎናል፣ ድርሻው ይቅር አሉ። አቦይ አስገዶም፣ የእናቱ ምድጃ እስከጨሰ ድረስ ወዲ ዓዲ ነው፣ የመንደሩ ልጅ ነው ብለው ድርሻዎን አስከበሩልዎ። ሞተ ያሉት ሕግ ነው መሬትዎን የጠበቀልዎ፣ አያ ረዳኢ! ዕጣውን ግን ራስዎ መጥተው ማውጣት አለብዎ። ወኪል አይቀበሉም፤ እኔንም ቢሆን።

እኔ ከአስመራ አልነቃነቅም። ጥናቴን ባያሳትሙልኝ አስተምረዋለሁ፤ ከክፍል ቢያስወጡኝ የአባቴ መቀመጫ አለ።

እትዬ አየለችን እጅ ነሥቻለሁ ይበሉልኝ። ዘቢብን ጉንጯን፣ ተወልደን ግንባሩን ይሳሙልኝ። እናታችን ትርሓስ እንደ ሁልጊዜው መርቀውዎታል፤ በዚህ ነገር ግን ከእኔ ጋር ናቸው።

ዕጣው የሚወጣው በሚያዝያ ጊዮርጊስ ማግስት ነው፤ ይግባኝ የለውም። አቦይ አስገዶም፣ እሱ ሰውን ሁሉ ችሎት ሲጠራ ኖሯል፣ አሁን እኛ ጠራነው ብለውዎታል።

ታናሽ ወንድምዎ ኣስፍሃ ሃብተማርያም
አስመራ፣ የካቲት ፫ ቀን ፲፱፻፷፪ ዓ.ም.