ጋሽ ሞተር እና ከቤታችን በላይ የነበረው ጫካ

አባታችን ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከኮረብታው ግርጌ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ትምህርታቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታተሉ። ከዚያ በላይ ወንበር ላይ መቀመጥ አላስቻላቸውምና በአሥራ ሰባት ዓመታቸው እንጨት መሰንጠቂያ ቤት ተቀጠሩ። የሞተር መጋዙ ጆሯቸውን ስለጎዳው ሰላምታ ሲሰጡ እንኳ ይጮኹ ነበር፤ ሰፈሩም «ጋሽ ሞተር» አላቸው። ስሙን ወደዱት።

የመሰንጠቂያ ቤቱን ገንዘብ ያዥ፣ እናታችንን፣ አግብተው ሦስት ልጆች አፈሩ። የቆራጮች አለቃም ሆኑ። እኛ በዚያ ደመወዝ ተምረን ለወግ ለማዕረግ በቅተናል፤ ይህን መካድ ነውር ነው።

በመጨረሻ ተራው ከቤታችን በላይ ላለው ጫካ ደረሰ። እናታችን «ይቺን እንኳ ለእኔ ስትል ተዋት» ብለው ለመኗቸው። አባታችን ግን እንደ ቆራጭ ሁሉ፣ ጉቶው እስካልተነቀለ ድረስ መሬቱን ይይዘዋል ብለው ጫካውን ቆረጡት። ክረምቱ በደህና ባለፈ ቁጥር በእናታችን ፍርሃት ይቀልዱ ነበር። ሥሩ መሬት ውስጥ እየበሰበሰ መሆኑን ማን አየ? ከዓመታት በኋላ አንድ ማለዳ ኮረብታው ተንዶ ማድ ቤታችንን ከነእናታችን ዋጠው። አባታችን በእጃቸው ቆፍረው አወጧቸው፤ ትንፋሻቸው ግን አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ መጋዝ አልነኩም። ከተራቆተው ኮረብታ የሚወርደው ጎርፍ መሬቱን እየሸረሸረ በየክረምቱ እናታችን ወዳረፉበት መካነ መቃብር ይጠጋ ጀመር። ከእናታችን ጎን ከመቀበር ሌላ ምኞት አልነበራቸውምና፣ ቦታው እንዳይወሰድባቸው ድንጋይ ሲክቡ፣ ችግኝ ሲተክሉ ኖሩ። ችግኙስ ምን ይዞ ይቁም? አፈሩ ሄዶ የቀረው አለት ነው። «አባባ፣ አሁንስ ይብቃዎት» ስንላቸው «ዝም በሉ! የቆረጥኩት እኔ ነኝ!» ብለው ይጮኹብን ነበር።

የእንጨት ብናኝ የጎዳው ሳንባቸው ሁለት ዓመት አልጋ ላይ አዋላቸው። የቻልነውን ሁሉ ብናደርግም ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ በሰባ አንድ ዓመታቸው አረፉ። የሦስት ልጆች አባት፣ የሰባት ልጆች አያት ነበሩ።

ዛሬ እንደተመኙት ከእናታችን ጎን እናሳርፋቸዋለን። ጎርፉ የበላው ገደል ከእግራቸው ጥግ ደርሷል። መቃብር ቆፋሪዎቹም ቦታው ይህን ክረምት ይችለው ይሆናል፣ የሚመጣውን ግን እንጃ ብለውናል። ስለዚህ እንደ ወጉ «አፈሩን ገለባ ያድርግላቸው» ለማለት አፋችን እሺ አላለንም። ፈጣሪ የሁለቱንም ነፍስ ይማር፤ አፈሩንም ያክብድላቸው።