ከእማዬ ስልክ አልወጣ ያለው ምርቃት

ሰኞ፣ የካቲት 3። ማታ
አሁንም አይታይም። ስልኩ ተሰክቷል፣ ቻርጅ ይበላል፤ ኮምፒውተሩ ግን «የምን ስልክ?» ባይ። ነቅዬ ሰካሁ። በሌላው ቀዳዳ ሰካሁ። አጥፍቼ አበራሁ። የነነዌ ጾም ላይ ነን፣ የሚያጽናና ማኪያቶ እንኳ የለም። እማዬ ከኋላዬ ቆማ ወጣ ወይ፣ ወጣ ወይ ትለኛለች። አልወጣም!

ማስታወሻዬ፣ ነገሩ ቀልድ አይደለም። አፍንጮ በር ያለው ሰፈራችን ሊፈርስ ነው። የእማዬ የማርያም ማኅበርተኞች አንዷ አያት፣ አንዷ ገላን ኮንዶሚኒየም ደርሷቸዋል። ጥር 21 የመጨረሻውን ማኅበር ሲጠጡ ሁሉም በየተራ ተነሥተው መረቁ፤ እማዬ በስልኳ ቀረጸች። ለእያንዳንዳቸው በፍላሽ እሰጣለሁ ብላ ቃል ገባች። ማለት፣ እኔ ገባሁ። የማኅበሩ ታላቅ እማማ ዘነበች እሑድ ይሄዳሉ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4
ከመ/ቤት በቀጥታ ፒያሳ። ጥፋቱ የኬብሉ ነው። ሻጩ አይቶት ሳቀ። «እህቴ፣ ይሄ ቻርጅ ብቻ ነው፤ ዳታ አያሳልፍም። ማን ሸወደሽ?» ራሱ ነው የሸጠልኝ! ደረቅ። ሌላ ገዛሁ።

ማታ፦ ታየ! እልል ልል ነበር። መገልበጥ ጀመረ፣ ግማሽ ላይ ቀጥ። መሣሪያው ተቋርጧል ይላል። የት ሄዶ? እጄ ላይ ነው!

ሐሙስ፣ የካቲት 6
በኢንተርኔት ልላከው ብል፣ የስልኩን ቀንና ሰዓት አስተካክዪ አለኝ። ሰበብ አያጣም። ቀኑ ምን አገባው? ወደ ኬብሉ ተመለስኩ። አሁን ደግሞ ስልኩ ከመሙላቱ የተነሣ መገልበጡ ይቆማል። ፋይሎቹን በዓመት ደረደርኩ። ከላይ 2024፣ ከታች አንድ ክምር 2017። የስምንት ዓመት ግሳንግስ! ከድሮ ስልኳ የተሻገረ ይሆናል። ሳልከፍት ጠራረግኩት። የቀረው ወደ ፍላሹ እንደ ውሃ ፈሰሰ። ተገላገልኩ። ዛሬ እንቅልፍ አለ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8። ከሰዓት
ለእማዬ ላሳያት ፍላሹን ከፈትኩ። የጎረቤት ድመት። የአክስቴ ልጅ ሠርግ። ድመቷ እንደገና። ማኅበሩ የለም።

ስልኩን ነጥቄ ቀኑን አየሁ። 8/6/2017። መስከረም ላይ በገዛ እጇ አስተካክላዋለች፤ በፈረንጅ ቀን የእመቤታችንን በዓል እንዴት ላውቅ ነው አለችኝ። ደግሞ ኮራ ብላ!

እኔስ? አንተ ላይ በእኛ ቀን እየጻፍኩ፣ መ/ቤት በእ.ኤ.አ. ስዳክር ውዬ፣ 2017 ሲባል አሮጌ መሰለኝ። ዘንድሮ እኮ ነው! ዘንድሮን ነው የሰረዝኩት።

ሻጩ ጋ በረርኩ። በኮምፒውተር በኩል የተሰረዘ የስልኩ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ አይገባም አለኝ። ሞከረ፤ ምንም። እማማ ዘነበች «በሄዳችሁበት በር አይዘጋባችሁ» ብለው ሲጀምሩ ትዝ ይለኛል። ቀጥሎ ያሉትን አላስታውስም። ለእማዬ ነገርኳት። አልተቆጣችም፤ የባሰብኝ እሱ ነው። አለቀስኩ።

እሑድ፣ የካቲት 9። ጠዋት 3፡00
የጭነት መኪናው መጥቷል። የእማማ ዘ. ቁም ሣጥን ደጅ ወጥቷል። እማዬ ከቅዳሴ ተመልሳ ነጠላዋን እንኳ አላወለቀችም። ዕቃው ሳይጫን እንድረስባቸው፣ ምርቃት አያልቅባቸውም አለች። የቀሩትንም በየቤታቸው እንዞራለን፤ ገላንም ቢሆን።

በእኔ ስልክ ልቅረጽ ብላት እምቢ። በራሷ ነው። ቀኑንም እንዳልነካባት አስምላኛለች። አልነካም፤ 9/6/2017 ይበል። ኮምፒውተሩን አዝዬ፣ ኬብሉን ይዤ እሄዳለሁ። እዚያው ደጃቸው ላይ፣ መኪናው ሳይነሣ ነው የምገለብጠው። ደግሞ እያንዳንዱን ከፍቼ ሳላይ አንድም አልሰርዝም።