ጆሮ ላይ ሲሞቅ

ጥቅምት 4
ማንም አያነበውምና ልናገረው... ዛሬ አፈርኩ። አለቃዬ እንግዶች ይዞ ላብራቶሪ ሲገባ እኔ ብርድ ልብስ ተከናንቤ፣ አፍንጫዬ ቀልቶ ተቀምጫለሁ። አንዷ እንግዳ ጠጋ ብላ፣ "አሞሻል እንዴ የኔ እህት?" ምን ልበላት? ለኮምፒውተሮቹ ሲባል ማቀዝቀዣው፣ ኤሲው፣ ቀን ከሌት ይነፋል። እኛ ሰዎቹ እዚያ ክፍል ውስጥ ትርፍ ነን።

የሠራነውን ቺፕ ግን ወደዱት። ጥፍር አያክልም፤ በውስጡ ያለው ሰው ሰራሽ አስተውሎት ከጫጫታ መሀል የሰው ድምፅ ለይቶ ያወጣል። ለመስሚያ መሣሪያ ነው። ስሌቱን መረጃው በተቀመጠበት እዚያው ስለሚሠራው፣ ወዲያ ወዲህ መመላለስ የለም፤ ባትሪ አይበላም።

"ባትሪው ስንት ሰዓት ይቆያል?" አለች እንግዳዋ።

"ከጠዋት እስከ ማታ። ለነገም ይተርፋል።"

አጨበጨቡ። በብርድ ልብሴ ውስጥ ሆኜ እጅ ነሣሁ።

ጥቅምት 5
ለምን እንደምቸኩል እዚህ ብቻ ልጻፈው። አባዬ ነው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ መላ ዓለሙ የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ በር ላይ፣ ከጓደኞቹ ጋር ዳማ መጫወት ነበር። ያለው መስሚያ ግን ገና በእኩለ ቀን ባትሪው ያልቃል። ከዚያ በኋላ ሰው ሲስቅ አብሮ ይስቃል... በምን እንደሳቁ ሳያውቅ። አንድ ቀን ጓደኛው ሚስቱ መታመሟን ሲነግረው ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ከቤት አልወጣም። "ጉልበቴን አሞኝ ነው" ይላል። ጉልበቱማ ከኔ ይሻላል።

ጥቅምት 9
ቺፑ ያለበትን የመስሚያ ናሙና አስፈቅጄ ቤት አመጣሁት። እራት ላይ ለአባዬ ጆሮው ላይ አደረግሁለት። እማዬ እንደልማዷ ስትጮህ ዞር አለና፣ "ቀስ በይ እንጂ፣ ደንቆሮ መሰልኩሽ?" ሾርባው ትን አለኝ።

ግን ትንሽ ቆይቶ፣ "እናትሽ የት ሄደች?"

አጠገቡ ተቀምጣለች።

"ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅዋ የለም። ፍሪጁ ግን ቁልጭ ብሎ ይሰማኛል።"

እማዬ፣ "ይሄንንማ አርባ ዓመት ሲመኘው ነው የኖረው" አለች።

እኛ ስንስቅ እሱ አልሳቀም። አወለቀና እጄ ላይ አኖረው። "ግድ የለም ልጄ፣ ለሌላ ሰው ይሆናል።" እሷ ነገር ናት ያልተዋጠችልኝ።

ጥቅምት 10
ላብራቶሪ ውስጥ አንድ ሰዓት ሙሉ ሠራ። እንከን የለውም። ቆንቋናው (ባልደረባዬ ነው፤ ኤሌክትሪክ ከምትባክን ጣቱ ቢቆረጥ ይመርጣል) "አባትሽ በደንብ አላደረገው ይሆናል" አለኝ። ያደረግሁለት እኔው ራሴ ነኝ!

ጥቅምት 11
አባዬ አውልቆ ሲሰጠኝ መሣሪያው ሞቆ ነበር። ለምን ዛሬ ብቻ ትዝ አለኝ?

ቺፑን መዳፌ ውስጥ ጨበጥኩት። ቆየሁ። ኮምፒውተሩ ላይ የሰው ድምፅ እየወረደ፣ የኤሲው ጩኸት እየወጣ መጣ... አገኘሁት። ስሌቱ የሚሠራው በጣም በቀጠነ ኤሌክትሪክ ነው፤ ሲሞቅ ይዛባል። አዲስ ነገር አይደለም፣ እናውቀዋለን። የሚያርመው ሙቀት መለኪያ እዚያው ቺፑ ውስጥ አለ።

"መለኪያው ምን ሆነ?" አልኩት ቆንቋናውን።

"አጥፍቼዋለሁ።"

"ለምን?"

"እዚህ ሙቀቱ ተቀይሮ አያውቅም። በከንቱ ባትሪ ይብላ?"

ልቆጣ አፌን ስከፍት፣ "ስነግርሽ 'ጎበዝ' ብለሽኛል እኮ" አለ።

ብያለሁ። ሁለታችንም ብርድ ልብስ ተጠቅልለን ለሰው ጆሮ የሚሆን ነገር ስንሠራ፣ የሰው ጆሮ ሙቅ መሆኑን አላሰብንም። ሳቅን። ከዚያ ሳቃችን አለቀ... መለኪያው ከበራ ለነገ የሚተርፍ ባትሪ የለም። እስከ ማታስ ይደርሳል?

ጥቅምት 14
ለአለቃዬ ነገርኩት።

"ለእንግዶቹ ያልናቸውስ?"

"ፍሪጅ ውስጥ ለሚኖር ጆሮ ነው ያልናቸው።"

እስክሪብቶውን አሽከረከረ። "በሉ አስተካክሉት። እውነተኛው ሰዓት ሲታወቅ እኔው ራሴ እጽፍላቸዋለሁ።" እንዲህ ዓይነት ሰው መሆኑን አላውቅም ነበር።

ጥቅምት 23
ኤሲውን አጥፍተን፣ ቺፑን እያሞቅን እንደገና አሠለጠንነው። መለኪያው አሁን ሁልጊዜ አይበራም፤ አልፎ አልፎ ነቅቶ አይቶ ይተኛል። የቆንቋናው ሐሳብ ነው፤ ለካ ቁጠባም ቦታ አለው። በእጅጌ ጉርድ ሸሚዝ መጣ ዛሬ። ክንድ እንዳለው አየሁ።

ጥቅምት 29
ለአባዬ ድጋሚ ልስጠው ወይስ... "ለሌላ ሰው ይሆናል" ያለ ሰው ሁለተኛ ጊዜ ቢከፋውስ? ጠዋት ምንም ሳልል ከመነጽሩ አጠገብ አስቀምጬ ወጣሁ።

ኅዳር 1
አድርጎታል። ስለ እሱ ምንም አላለም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ፍሪጁ ይንጫጫል፣ እማዬ ትንጫጫለች፣ የሚመልሰው ለእሷ ነው።

ኅዳር 2
ከሥራ ስገባ እማዬ ብቻዋን ነች።

"አባዬስ?"

"እኔ ምን አውቄ። ከቁርስ በኋላ እንደወጣ ነው። ብደውልለት 'አትጩሂ፣ ጨዋታ ላይ ነኝ' ብሎ ዘጋብኝ።" ተናዳ ልትነግረኝ ፈልጋ ነበር፤ አፏ እምቢ ብሎ ፈገግ አለባት።

ሊመሽ ነው። ባትሪው እስካሁን ይዟል? ሄጄ ባየው ደስ ይለኝ ነበር... አልሄድም፤ ዳማውን ይጫወት። በሩን ከፍቶ ሲገባ፣ ከንፈሬን እንዳያይ ጀርባዬን ሰጥቼው፣ በሹክሹክታ "ማን አሸነፈ?" ልለው ነው። ነገ ጠዋት መጀመሪያ የምጽፈው የሚመልስልኝን ነው።