የዳማው ጭራ

ረቡዕ፣ ጥር 13

ጭራውን ቆርጠውታል!

እናቴ ስልክ ላይ ስታለቅስ ሰው የሞተ መስሎኝ ነበር። የአባቴ ፈረስ ነው፤ በቀይ ቡናማ መልኩ ዳማው የምንለው። ለጊዮርጊስ ግልቢያ ሲቀለብ የከረመው። ዛሬ ጠዋት የጋጣውን በር ሲከፍቱ ያ መሬት ይጠርግ የነበረ ጭራ አጥሮ፣ ተጎርዶ፣ አሳፋሪ ሆኖ ተገኘ።

በእኛ አገር የሰው ፈረስ ጭራ መቁረጥ ባለቤቱን አደባባይ ላይ በጥፊ ከመምታት አይተናነስም። አባቴ ደግሞ ለመጠርጠር ጊዜ አልፈጀበትም፤ ጎረቤታችን አያ ስንሻው ነው ብሏል። አንደኛ፣ አምና ግልቢያው ላይ ዳማው ቀድሞታል። ሁለተኛ፣ አያ ስንሻው ከፈረስ ፀጉር ዝንብ ማባረሪያ፣ የዝንብ ጭራ፣ እየሠራ ዳንግላ ገበያ ይሸጣል። ሦስተኛ፣ ቤቱ ውስጥ አዲስ የዝንብ ጭራ ተሰቅሏል፤ መልኩም ዳማ ነው።

እኔም አመንኩ። ፎረንሲክ ባዮሎጂ፣ የወንጀል ማስረጃ በላብራቶሪ መመርመር፣ የምማረው ለመቼ ነው? ነገ ሄጄ እይዘዋለሁ።

ሐሙስ፣ ጥር 14

ከምማርበት ከእንጅባራ ዳንግላ በሚኒባስ፣ ከዳንግላ ቀበሌያችን ድረስ በጋሪ። አባቴ ሰላምታዬን በግማሽ ተቀበለኝ። ቀኑን ሙሉ ዳማውን እያሻሸ በአዊኛ ያጽናናዋል። ለእኔ እንኳ እንዲያ አባብሎኝ አያውቅም።

አባቴ ሌባ ፈርቶ ፈረሱን በቅርቡ ከደጅ ወደ ጋጣ አስገብቶት ነበር። ቁልፉ አንገቱ ላይ ነው የሚያድረው። ታዲያ አያ ስንሻው በየት ገባ? ስጠይቀው «በጣራ» አለኝ። ጣራውን አየሁት፤ አንድ ቆርቆሮ አልተነቃነቀም። ለአባቴ ግን አልነገርኩትም፤ ፊቱ አይነገርበትም ነበር።

ከዳማው ጭራና ጋማ ናሙና ወሰድኩ። የመጀመሪያዎቹን ፀጉሮች በባዶ እጄ መነጨቅኳቸው! ጓንቱ ኪሴ ውስጥ እያለ! ጣልኳቸውና እንደገና ጀመርኩ። የጋጣው ወለል ላይ የረገፈ ፀጉር ብፈልግ የለም ማለት ይቻላል። እዚያው የታሰረችው ጥጃችን እጅጌዬን እየላሰች አላሠራ አለችኝ፤ ገፋ አደረግኳት።

አባቴ በሩ ላይ ቆሞ «ይኼ የሬሳ ትምህርትሽ ለፈረስም ይሆናል?» አለኝ። ለሰው ሁሉ ነርስነት ትማራለች እያለ እንደሚያወራ አውቃለሁ። ሳቅኩ፤ ግን ከፋኝ።

ቀጥሎ አያ ስንሻው ቤት ሄድኩ። ከዝንብ ጭራው ጥቂት ፀጉር ስጠይቀው ራሱ አውርዶ ሰጠኝ። «ውሰጂ ልጄ። እኔ የፈረስ ጭራ እገዛለሁ እንጂ አልሰርቅም» አለ። ዓይን ዓይኔን አላየኝም። ሌባ ነው አልኩ በልቤ።

እሑድ ሽማግሌ ይቀመጣል። አያ ስንሻው ከካደ ቤተ ክርስቲያን ይምላል። አባቴ ደግሞ ከሌባ ጋር በአንድ እድር አልሆንም ብሏል። እናቴ ጓዳ ጠርታኝ «የእናቴን መቃብር የቆፈረልኝ ስንሻው ነው። እኔንስ ማን ሊቀብረኝ ነው?» አለችኝ።

ዓርብ፣ ጥር 15

ተመልሼ እንጅባራ፣ ላብራቶሪ። መምህርቴ ሰብለ ታሪኩን እስክጨርስ እንኳ አልጠበቁኝም። «መጀመሪያ ተጠርጣሪውን እርሺው። በምላጭ የተቆረጠ ፀጉር ምን እንደሚመስል አሳዪኝ» አሉ።

ከዳማው ጋማ ካመጣሁት አንዱን በምላጭ ቆርጬ ማይክሮስኮፕ ሥር አደረግኩት። ጫፉ ድፍን፣ ቀጥ ያለ። የአያ ስንሻው የዝንብ ጭራም ጫፉ እንዲሁ፤ በስለት የተስተካከለ። እሰይ! ከዚያ የዳማውን ጭራ አየሁ።

ተጨፍልቋል። ተሰነጣጥቋል። ልክ እንደ መፋቂያ ጫፍ።

ሌላ ፀጉር ቀየርኩ። ያው። ሌላ። ያው። ተናደድኩ! ለካ አያ ስንሻው ሌባ እንዲሆንልኝ ፈልጌ ኖሯል። አፈርኩ፤ ማንም ሳያውቅብኝ ጆሮዬ ጋለ።

መምህርቴ አጎንብሰው አዩና «ስለት አልነካውም። ምን በላው?» አሉ።

እጅጌዬ! ጥጃዋ! ጮኼ ኖሮ ጠረጴዛ ሙሉ ተማሪ ዞሮ አየኝ። መምህርቴ ሳቁና ጨው ያጠራት ጥጃ ያገኘችውን እንደምታኝክ ነገሩኝ። «ግን ይኼ ገና ግምት ነው» አሉ ወዲያው። ግምትማ አባቴም ነበረው።

ቅዳሜ፣ ጥር 16

እንደገና ቤት መጥቼ ዛሬ የዋልኩበትን ሥራ ለዶርም ጓደኞቼ አልናገርም። ፀጉር ፍለጋ የጥጃ እበት ሳጥብ።

ማጥለያ አጣሁና የእናቴን ወንፊት አነሳሁ። «የዱቄቱን ወንፊት! አንቺ ልጅ አብደሻል?» አዲስ እገዛልሻለሁ ብዬ ማልኩላት። ውኃ አፈሰስኩ፣ አማሰልኩ፣ እንደገና አፈሰስኩ። ሣር፣ ገለባ፣ ሣር። ወገቤ ሊቆረጥ ሲል አንድ ነገር ጓንቴ ላይ ተጠመጠመ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ዳማ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ አንድ ጉንጉን!

ዘለልኩ። እናቴም የወንፊቷን ነገር ረስታ እልል አለች፤ ምን እንዳገኘሁ እንኳ ሳትጠይቅ።

አባቴ መጥቶ አየው። «ጥጃ ሣር ነው የምትበላው» አለና ወጣ። ሽማግሌዎቹንም አትምጡ አላለም። ነገ በሰው ፊት መናገሬ ነው።

እሑድ፣ ጥር 17

አሸነፍኩ! በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። አባቴ ተናገረ። አያ ስንሻው ተናገረ። ከዚያ እኔ። በማይክሮስኮፕ ያነሳሁትን ፎቶ በስልኬ አሳየሁ። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ አንዱ ሽማግሌ ገልብጠው አይተው «እባብ ነው?» አሉ። ሰው ሳቀ። ስለ ፀጉር ንብርብር ማስረዳት ጀመርኩና ራሴም ጠፋብኝ። አባቴ አንገቱን ደፋ። እንዲህ ያፈርኩበት ቀን የለም።

ያኔ ዓይኔ የሰብሳቢው የአባ ደሴ አፍ ላይ አረፈ። መፋቂያ ይዘዋል።

«አባ፣ መፋቂያዎን ያውሱኝ» አልኩ። ሰጡኝ። አንዱን ጫፍ አሳየኋቸው። «ይኼን ምን ነካው?»

«ቢላዋ ነዋ።»

አዞርኩት። «ይኼኛውንስ?»

«ጥርሴ ነዋ! የቀሩት!»

የዳማውን ጭራ ፀጉርና በምላጭ የቆረጥኩትን ጎን ለጎን ከአጉሊ መነጽር ጋር ሰጠኋቸው። አዩ። መልሰው አዩ። ቀና ብለው አባቴን «አንተ፣ ይኼ እኮ ታኝኳል» አሉት። ከወንፊት የወጣውን ጉንጉን ሳወጣማ ማንም አልሳቀም።

አያ ስንሻው ተነሳ። ቤቱ ሄዶ ያን የዝንብ ጭራ አምጥቶ «ጥጃዋን አምጧት» አለ። እናቴ ስባ አመጣቻት። ገና አፏ ጋ ሲያስጠጋው ላፍ አድርጋ ታኝከው ጀመር፤ ሁለት ሰው ነው ታግሎ ያስጣላት። አገሩ በሳቅ ተናጋ።

አባቴ አልሳቀም። ሌባ ፈርቶ ፈረሱን ከሌባዋ ጋር ቆልፎበት ኖሯል። ድንጋይ አነሳና ትከሻው ላይ አድርጎ ይቅርታ ሊጠይቅ ወደ አያ ስንሻው ሄደ። አያ ስንሻው ግን ሮጦ መንገድ ላይ ተቀበለው። «አውርድ። አንተም እኔም አርጅተናል፤ ወገብህን ትቆረጣለህ» አለው። ተቃቅፈው አለቀሱ። እናቴም፣ እኔም።

ሐሙስ፣ ጥር 21

መምህርቴ ለኮርሱ ፕሮጀክት አድርጌ እንድጽፈው ነገሩኝ። «የወንፊቱንም አትርሺ» አሉ። በደስታ የምሆነውን አጣሁ። ወንፊት ገዛሁ።

ቅዳሜ፣ ጥር 23

ጊዮርጊስ። አያ ስንሻው ሳምንቱን ሙሉ ያለውን ፀጉር ሁሉ ጎንጉኖ ለዳማው ጭራ ሠርቶለት ኖሯል። ከድሮው ይረዝማል! አባቴ ፈረሱ ላይ ሲቀመጥ ጎልማሳ መሰለ።

ግልቢያው መሐል ላይ ጭራው ተፈትቶ በረረ። ሕዝቡ ጮኸ። አያ ስንሻው ቀደመ፣ አባቴ ሁለተኛ ወጣ። ከዚያ ተመልሶ ጭራውን አነሳና ከራሱ በላይ እያወዛወዘ በሕዝቡ ፊት ጋለበ። እንዲህ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

ከጫግኒ የመጣ ወዳጁ «ነርሷ ልጅህ ይህች ናት?» አለው።

«ነርስ ማን አለህ?» አለ አባቴ፣ ራሱ እንዳላለ። «ማስረጃ መርማሪ ናት። ሬሳም ቢሆን፣ ጭራም ቢሆን።» ዞር ብዬ እንባዬን ጠረግኩ።

ማምሻውን አንድ ገበሬ የሞተች ዶሮ በፌስታል ይዞ መጣ። «ሸለምጥማጥ ነው ወይስ ጎረቤቴ?» አለኝ። የንክሻ ምልክት ገና አልተማርንም ልለው ነበር።

አባቴ ከውስጥ ሆኖ ቀደመኝ። «ሳይመረመር የሰው ስም አትጥራ! ግባና ተቀመጥ።» ጓንቴን ላመጣ ተነሳሁ።